የኮምፒውተሩ ቅርጫ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ትልቅ ካርቶን ታቅፋ ቤቴ ገባች። በቢላ ስትከፍተው ያ ሲነኩት የሚንጫጫ ነጭ ፎም ብቅ አለ፣ ከፎሙ ጋርም ሽታው ወጣ። የአዲስ ፕላስቲክ፣ የአዲስ ቆርቆሮ፣ ትንሽ ደግሞ የጫማ ማስቲሽ የመሰለ ሽታ። «አክስቴ፣ ኮምፒውተር በየዕቃው ገዝቼ ራሴ ልገጣጥም ነው። ብሬ ግን አልበቃ አለኝ፤ ከየትኛው ላይ እንደምቀንስ ግራ ገብቶኛል» አለች። ለወሬ ያህል እንጂ ምክር ፈልጋ አልነበረም። ስልኬ ተበላሸ እያለች እሷን ከምትጣራ አሮጊት ምን ትጠብቃለች? እኔ ግን እጄን ካርቶኑ ላይ ጣል አድርጌ፣ «ከፈለግሽው ላይ ቀንሺ፣ ፓወር ሳፕላዩን ግን እንዳትነኪ» አልኳት። ቢላዋን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ። «ፓወር ሳፕላይን ደግሞ አንቺ የት ታውቂዋለሽ?» ሳቅሁ። ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም፤ ሽታው ወደ ድሮዋ ደባርቅ ይዞኝ ሄዶ ነበር።

ያን ጊዜ ደባርቅ አስፋልትን በወሬ እንጂ በእግሯ አታውቀውም ነበር። ከሽሬ የሚመጣው አውቶቡስ ሊማሊሞን እያቃሰተ ወጥቶ፣ ከአዲ አርቃይና ከዛሪማ ያሳፈራቸውን የቆላ ሰዎች በስስ ሸሚዛቸው እንዳሉ እኛ ብርድ ላይ ያራግፋቸዋል። ሹራብ ነጋዴዎቹ ይህን ስለሚያውቁ አውቶቡሱ ገና ሳይቆም በመስኮት ሹራብ ያስገባሉ፤ ዋጋውም በተሳፋሪው መንቀጥቀጥ ልክ ከፍና ዝቅ ይላል። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው ካሴት ቤት ድምፅ ማጉያውን በር ላይ አውጥቶ ቀኑን ሙሉ ማሲንቆ ያስጮኻል። ካሴቱ ሲረግብ ዘፋኙም አብሮ ይጎተታል፣ ማንም ግን ቅር አይለውም። ሻይ በሳንቲም ነበር። የከተማ ልጃገረዶች ኮንጎ ጫማ በነጭ ካልሲ አድርገው ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ፣ ጭቃው ካልሲውን እስኪያጠፋው ድረስ ያለችው ግማሽ ሰዓት የኩራታቸው ሰዓት ነበረች። እኔም ከነሱ አንዷ ነበርሁ ብል አላጋነንሁም፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሞላኝም ካልሲዬ ነጭ ነበር። ዛሬ ካሴት ቤቱ የሞባይል መጠገኛ ሆኗል። ሹራቡ ግን አሁንም እዚያው ይሸጣል።

እንጀራዬ ታይፕ መምታት ነበር። ከፍርድ ቤቱ አጥር ማዶ፣ ከጨርቅ ነጋዴው ከአቶ ደምሌ በተከራየኋት ክፍል፣ ክስ፣ መልስ፣ ውክልና፣ የመሬት አቤቱታ እጽፋለሁ። አንድ ገጽ አንድ ብር ነው። በዚያች ብር እናቴን እጦራለሁ፣ ታናሽ እህቴን አስተምራለሁ። «ሰው ሲታረቅ እኔ እራባለሁ» እያልሁ እቀልድ ነበር። ፈተና ሲደርስ ደግሞ መምህራኑ በስቴንስል፣ በማባዣው የሰም ወረቀት ላይ፣ ጥያቄ ሊያስመቱ ይመጣሉ። ከነሱ መካከል መምህር አስናቀ ነበር፤ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የፊዚክስ አስተማሪ፣ በጠቅላላው ደባርቅ የሚታወቅ ቡናማ የቆዳ ጃኬት ያለው። ሌሎቹ ወረቀታቸውን ጥለው ሲሄዱ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ብርሃን ያወራኛል። ግማሹ አይገባኝም፣ ግን እንዲጨርስ አልፈልግም ነበር። አሁን ስልሳን ካለፍሁ በኋላ ማንን አፍራለሁ? ወድጄው ነበር። እሱም የሚጠላኝ አይመስለኝም፤ ሁለት ጊዜ ያህል ጥያቄ የሌለው ባዶ ወረቀት ይዞ መጥቷል።

በአንድ ክረምት መግቢያ ላይ፣ ከመስከረም ጀምሮ መሥሪያ ቤቶቹ በኮምፒውተር ያልተጻፈ ማመልከቻ አይቀበሉም ተባለ። አቶ ደምሌ በማግሥቱ ክፍሌ በር ላይ ቆሙ። «ትርንጎ፣ አንቺን ጠልቼ አይደለም። ግን ሥራ ለሌለው ክፍል ማን ኪራይ ይከፍለኛል? እስከ መስከረም ኮምፒውተር ካላስገባሽ ቤቱን ለፍራሽ ነጋዴው ሰጥቼዋለሁ» አሉኝ። የአንድ ኮምፒውተር ዋጋ ያን ጊዜ የሁለት ጥማድ በሬ ዋጋ ነበር። እኔ የበሬውን አንድ እግር የምትገዛ ብር እንኳ አልነበረኝም። ያን ዕለት ስቴንስል ይዞ የመጣው አስናቀ ነገሩን ሲሰማ፣ «በየዕቃው ከተገዛ ይረክሳል፣ እኔ እገጣጥመዋለሁ። ብሩን ደግሞ እንደ ቅርጫ እናድርገው» አለ። ለበዓል በሬ በጋራ እንደሚገዛ ሁሉ አራት ሰው፣ አራት መደብ። አቶ ደምሌ ገበያ ያመጣልኛል ብለው አንዱን መደብ ያዙ፣ አስናቀ አንዱን፣ እኔ እናቴ እንደ ማተብ የምታያትን የወርቅ ጉትቻ ሸጬ አንዱን። አራተኛው የቅኔ መምህሩ የኔታ ይትባረክ ሆኑ። የመምህራቸውን ቅኔዎች በቃላቸው ይዘው የሚኖሩ ሰው ናቸው፤ «እኔ ሳልረሳቸው ወረቀት ይቀበላቸው» ብለው ገቡ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ተባባልንና ተጨባበጥን።

ስሕተቱ የተሠራው እዚያው፣ በአቶ ደምሌ ሱቅ ውስጥ፣ በአቡጀዲ ጥቅል ላይ ተቀምጠን ነው። አስናቀ የዕቃዎቹን ዝርዝር ካነበበ በኋላ እያንዳንዱ ሰው በመደቡ የራሱን ዕቃ መረጠ።

«ያ ቴሌቪዥን የሚመስለው ለኔ ይሁን» አሉ አቶ ደምሌ። «ትልቁ፣ ከመንገድ የሚታየው።»

«ቃሉ የሚቀመጥበትስ የትኛው ነው?» አሉ የኔታ።

«ሃርድ ዲስክ ይባላል፣ የኔታ።»

«እሱ ለኔ። ሰፊው ይሁን ታዲያ፣ የመምህሬ ቅኔ ጠባብ ቤት አይችለውም።»

አስናቀ ዓይኑ እየበራ ፈጣኑን ፕሮሰሰርና እሱ የሚሰካበትን ማዘርቦርድ ያዘ። አእምሮው እኮ ይሄ ነው፣ ከዚህ በላይ ፈጣን ጎንደርም የለም አለ። ሥራው ሲሠራ የሚዘረጋበትን ራም የሚሉትን ግን፣ ብሩ ስላለቀበት፣ ከሁሉም ትንሿን አደረጋት። «ለትርንጎስ?» ሲል ጠየቀ። «የቀረው ነዋ» አሉ አቶ ደምሌ። የቀረው ኪቦርዱና፣ ሁሉም የሚሰካበት ሳጥን፣ በሳጥኑ ውስጥ ካለው ፓወር ሳፕላይ ጋር ነበር። ያን ዕቃ የሚያይ ሰው ስለሌለ የሚመኘውም ሰው አልነበረም። እኔም ከነሱ እኩል ከፍዬ የማይታይ ነገር ሲደርሰኝ ቅር አለኝ።

ጎንደር አብረን ወረድን፣ እኔና አስናቀ። ዳባት ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ትኩስ ዳቦ በሻይ ገዛልኝ። የወገራን የገብስ ማሳ በመስኮት እያየን፣ ያን በሳጥኑ ውስጥ ያለውን ፓወር ሳፕላይ ለማንም በሚገባ ቋንቋ አስረዳኝ። «ከግድግዳው የሚመጣውን መብራት መጥኖ ለያንዳንዱ ዕቃ የሚያድለው እሱ ነው። የኛ መብራት ደግሞ ሄዶ ሲመለስ ተቆጥቶ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ ከባዱን ውሰጂ፤ አንሺውና ክብደት ያለውን።» እሺ አልሁ። ልብ ብዬ ነው እሺ ያልሁት፣ አልሰማሁም አልልም። ከጉዞዬ ሁሉ ያን የጧት መንገድ እወደዋለሁ። አሁንም በዳባት ሳልፍ፣ ያ ዳቦ ቤት ፈርሶ ባለ ፎቅ ቢሠራበትም፣ ዓይኔ ይፈልገዋል።

ጎንደር ፒያሳ፣ ሬዲዮና ኮምፒውተር የሚሸጥ ጠባብ ሱቅ ገባን። አስናቀ የሌሎቹን ዕቃ መርጦ ካስቀመጠ በኋላ ለአባቱ ስልክ ሊደውል ወጣ፣ እኔም የራሴን መደብ ልገዛ ቀረሁ። ኪቦርዶቹን አንድ በአንድ በጣቴ ሞከርኳቸው። አብዛኞቹ ለስለስ ያሉ፣ ሲጫኗቸው የሚሰጥሙ ነበሩ። አንዷ ግን ጠንከር ያለች፣ እንደ ታይፕ ማሽኔ ቀጭ ቀጭ የምትል። ጣቴን ሳሳርፍባት የራሴን ነገር ያገኘሁ መሰለኝ። ዋጋዋ ከሌሎቹ ሦስት እጥፍ ነው። እሷን ከወሰድሁ ለከባዱ ሳጥን አይበቃኝም። ባለ ሱቁ ቀለል ያለውን፣ ፊቱ ሰማያዊ የሚያብረቀርቀውን ሳጥን አወረደልኝና፣ «ይሄ ለጎንደር ይሆናል። ለእናንተ መብራት ግን ኃላፊ አይደለሁም» አለኝ። እንዲያ ብሎ ነግሮኛል። ሌሎቹ ሁሉ የሚታይ ነገር ገዝተዋል፤ እኔ ጣቴ የሚኮራበት አንዲት ነገር ብገዛ ምናለበት አልሁ። አስናቀ ሲመለስ ሳጥኑን አንሥቶ መዘነው። «ይቀላል እኮ?» አለ። «ከባዱ አልቋል አለኝ» አልሁት። ከባዱ ከባለ ሱቁ ጀርባ መደርደሪያ ላይ ነበር፣ እሱ ግን እኔን እንጂ መደርደሪያውን አላየም።

ክፍሌ ውስጥ ሲገጣጥመው ከተማው በር ላይ ተሰበሰበ። የአቶ ደምሌ ትልቅ ስክሪን ጠረጴዛዬን ስለሞላው ወረቀት የምናኖርበት ጠፋ። ማተሚያውን አቶ ደምሌ ከወንድማቸው በውሰት አመጡ። ፈጣኑ ፕሮሰሰር ግን ያን ያህል አልፈጠነም፣ ራሙ ስለጠበበው ጥቂት ሲጻፍ ቆም ብሎ ያስብ ነበር። ቢሆንም ሦስት ሳምንት ሠራን። የኔታ ከሰዓት በኋላ እየመጡ ቅኔ ይነግሩኛል፣ ኪቦርዷ ቀጭ ቀጭ ትላለች፣ እኔም ደስ ብሎኝ አድራለሁ።

በአንድ ቅዳሜ እኩለ ቀን፣ ከዛሪማ በኩል የመጡ አንድ አዛውንት የመሬት አቤቱታ እያስጻፉ ሳለ መብራት ጠፋ። እየጠበቅን ገበያውን እንሰማለን። መብራቱ ሲመለስ አምፖሉ አንዴ ነጭ ሆኖ በራ፣ ከሳጥኑ ውስጥ እንደ ጥይት ያለ ድምፅ ወጣ፣ ከዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ። አዛውንቱ በትራቸውን ይዘው ተነሡና፣ «ልጄ፣ የተቃጠለው የኔ ጉዳይ ነው ወይስ ሳጥኑ?» አሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ የኔታ ጎጆ በር ላይ ተሰበሰብን። አስናቀ ከፍቶ አይቶት ነበር፤ ፓወር ሳፕላዩና ማዘርቦርዱ ነደዋል፣ የቀረው ተርፏል። አቶ ደምሌ ጮኹበት። «ተምሬያለሁ ባዩ! አንተ አይደለህ የመራኸን? እኔ ምን አውቅ? ደግሞም ልንገራችሁ፣ መስከረም ሁለት ሳምንት ቀረው፤ ካልተሠራ ክፍሉ የፍራሽ ነው።» አስናቀ ሳይከራከር ሰማቸው። «እውነትዎን ነው» አለ። «ሳጥኑ ቀላል መሆኑን በእጄ መዝኜ አውቄዋለሁ። ከባዱ ከጠፋ ግዢውን ማቆም ነበረብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የነደደውን እኔ እተካለሁ።» እኔ ዝም አልሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል። ከባዱ አልጠፋም ብል መደቤን አጣለሁ፣ ክፍሌን አጣለሁ፣ እናቴ የምትበላውን አጣለሁ ብዬ አሰብሁ። እውነት ለመናገር ከዚህ ሁሉ ይልቅ የፈራሁት የአስናቀን ዓይን ነው።

ስምንት ቀን እንዲሁ ሄደ። በስምንተኛው ቀን፣ ከመናኸሪያው በታች፣ አንድ የበቅሎ አከራይ ያን ቡናማ ጃኬት ለብሶ ፈረንጆችን ሲጠብቅ አየሁት። እጅጌው አጥሮታል። አስናቀ ሸጦታል ማለት ነው። በዚያ ብርድ፣ በክረምት ውስጥ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ለካ ይህ ነው። የሹራብ ነጋዴዎቹ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ከዚያ ተነሥቼ በቀጥታ የኔታ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡም። «እኔ መሪጌታ ነኝ ልጄ፣ ንስሓ የምቀበል ቄስ አይደለሁም» አሉ። «ለኔ መንገርሽ ደግ ነው፣ ግን ዕዳው እኔ ዘንድ አይደለም ያለው። ነገ ሁላቸውንም እጠራለሁ፣ እዚያ ትናገሪያለሽ።»

ተናገርሁ። ኪቦርዷን፣ ከባዱን ሳጥን፣ ውሸቴን። አቶ ደምሌ ተነሥተው፣ «አየሽ አንቺ! የራሷ ሲያርባት…» ብለው ሲጀምሩ የኔታ በጭራቸው አስቀመጧቸው። «ቆይ፣ ደምሌ። እሷ ውሸቷን ተናገረች። እኛም የኛን እንናገር። ቅርጫ ብለን ተነሣን እንጂ ቅርጫ አላደረግንም። ቅርጫ ላይ በሬው የሁሉም ነው፤ ብልት አዋቂው ከሻኛውም ከጨጓራውም በየመደቡ እኩል ይጥላል፣ ከዚያ ዕጣ ይወጣል። እኛ ግን በሬው ቆሞ ሳለ ሻኛው የኔ፣ ጭቅናው የኔ ተባባልን። በምን እግሩ ይቆማል ያለ አንድ ሰው አልነበረም። አንተ ስክሪን፣ እኔ ሰፊ ቤት፣ እሱ ፈጣን አእምሮ። ራስ ሳይጠና ጉተና!» አቶ ደምሌ ሳይወዱ ሳቁ። አስናቀ አልሳቀም። «እሺ» አለ። ከዚያ ደብተሩን አውጥቶ አዲስ ዝርዝር ጻፈ። በዚህኛው ላይ የማንም ስም አልነበረም። ከላይ የመብራት ማስተካከያና ከባዱን ፓወር ሳፕላይ አደረገ፣ ከሥሩ መካከለኛ ማዘርቦርድ፣ እጥፍ ራም፣ ከዚያ ወደ ታች የሁሉንም ኩራት እየቀነሰ፣ ዘገም ያለ ፕሮሰሰር፣ ግማሽ የሚሆን ሃርድ ዲስክ፣ ትንሽ ስክሪን። የመጨረሻው መስመር «ተራ ኪቦርድ» ይላል። «ትንሿ ስክሪንማ ከመንገድ አትታይም!» አሉ አቶ ደምሌ። «ጉዳይ ያለው ገብቶ ያያታል» አሉ የኔታ።

አስናቀ ብቻውን ጎንደር ወርዶ ለውጦ መጣ። ገጠመው፣ አበራው፣ ሄደ። ያች ኮምፒውተር ስክሪኗ ትንሽ፣ ፍጥነቷ የሽማግሌ ነበረች፤ ግን መብራቱ ስንት ጊዜ ሄዶ ሲመለስ ቆማ ጠበቀችው። ዘጠኝ ዓመት አበላችኝ። የእህቴን የኮሌጅ ክፍያ የከፈለችው እሷ ናት። የኔታም ቅኔውን አስጽፈው ጨርሰው፣ ወረቀቱን በጨርቅ ጠቅልለው ወሰዱት።

መስከረም በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ክፍሌ በሰው ተሞላ። ከመካነ ብርሃን ድረስ የመጡ ነበሩ። ቀና ስል አስናቀ በባለ ጉዳዮቹ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። አጠገቤ ወንበር ነበር፣ አልተቀመጠበትም። አውቶቡስ ላይ ከሚሸጡት አንዱን ሹራብ ለብሶ፣ ከፊቱ ያሉት ሁለት ሰዎች እስኪጨርሱ ተራውን ጠበቀ። ከዚያ በእጁ የጻፈውን ወረቀት ሰጠኝ። ወደ ጎጃም እንዲዛወር የሚጠይቅ ማመልከቻ ነው። ምክንያቱ አባቱ ስለታመሙና ረዳት ስለሌላቸው ነው ይላል።

«አባትህ ደህና ናቸው ብለኸኝ አልነበር?» አልሁት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ደህና ናቸው።»

«ታዲያ?»

ሰዎቹ እንዳይሰሙት ጎንበስ አለ። «ስለ ሳጥኑ አይደለም፣ ትርንጎ። እሱ ብር ነው፣ ተተካ። ያን እሑድ ጥፋቱ የኔ ነው ስል ዞር ብዬ አይቼሻለሁ። አንድ ነገር የምትይ መስሎኝ። ሻሽሽን አስተካከልሽ።»

ወንበሬን ስቤ መጻፍ ጀመርሁ፣ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብዬ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያለ ጥርት ያለ ገጽ ጽፌ አላውቅም። ስንት ቅጂ አልሁት፣ ሦስት አለኝ። አተምሁለት። ሦስቱንም በእርጋታ አነበበ፣ ፈረመባቸው፣ ብሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አልቀበልም ልል አፌን ስከፍት፣ «ሥራሽ ነው» አለኝና ወጣ። አግዳሚው ላይ ሰው ነበር፤ ብሩን አንሥቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትሁና «ተረኛ!» ብዬ ተጣራሁ።